የሄኖክ ቀን በጣና ሰማይ ሲለካ

በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ በስልካችን የሚዘዋወር አንድ ጽሑፍ አለ። ቃላቱ ከዓመት ዓመት ቢለያዩም ይዘቱ ያው ነው። አንደኛ፣ የኢትዮጵያ ሰዓት ፀሐይ ስትወጣ 12 ብሎ ስለሚጀምር ከዓለም ሁሉ ትክክለኛው ነው ይላል። ሁለተኛ፣ የቀንና የሌሊትን ልክ አባቶቻችን በመጽሐፈ ሄኖክ አስቀድመው ለክተው ጨርሰውታል ይላል። ሦስተኛ፣ ስለዚህ ሌላው ዓለም ሰዓትን ከእኛ ተማረ ይላል። መጨረሻው ላይ "ለ10 ሰው አስተላልፉ" የሚል አይጠፋም።

እኔ የተማርኩት ምህንድስና ነው። የታሪክ ሰው አይደለሁም፤ ግእዝም ገና በመማር ላይ ነኝ። ነገር ግን ቁጥር ያለበት አባባል ሲነገረኝ እጄ ወደ ካልኩሌተር ይሄዳል። የምኖረው ባሕር ዳር ስለሆነ ደግሞ መለኪያው ሩቅ አይደለም፤ ፀሐይም፣ ሐይቁም፣ መጽሐፉ የተገኘበት ደሴትም እዚሁ ናቸው። ስለዚህ እነዚህን አባባሎች አንድ በአንድ በጣና ሰማይ ላይ ልፈትናቸው ተነሳሁ። አስቀድሜ ልናገርና፣ መጽሐፉን ለማቃለል አልመጣሁም። የምተቸው መጽሐፉን የምናነብበትን መንገድ ነው።

ፀሐይ 12 ሰዓት ላይ ትወጣለች?

እስቲ ከመጀመሪያው እንነሳ። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11.6 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ትገኛለች፤ ኬንትሮሷ 37.4 ዲግሪ ምሥራቅ ነው። የአገራችን ሰዓት ከግሪንዊች በ3 ሰዓት ይቀድማል። ምድር አንድ ዲግሪ ለመዞር 4 ደቂቃ ስለሚፈጅባት፣ 3 ሰዓት ማለት 45 ዲግሪ ምሥራቅ ማለት ነው። ይህ መስመር የሚያልፈው በሱማሌ ክልል በወርዴር አካባቢ ነው። በአጭሩ፣ እጃችን ላይ ያሰርነው ሰዓት የሚከተለው የወርዴርን ፀሐይ ነው። ከዚያ መስመር እስከ ባሕር ዳር 7.6 ዲግሪ አለ፤ በ4 ስናባዛው 30 ደቂቃ ይመጣል። ፀሐይ ወርዴርን ካየች በኋላ እኛ ጋ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ይፈጅባታል ማለት ነው።

በዚህ ላይ ምድር በፀሐይ ዙሪያ የምትሄድበት ፍጥነት ዓመቱን ሙሉ እኩል አይደለም፤ ዘንጓም ያዘነበለ ነው። በእነዚህ ሁለት ምክንያቶች የጥላ ሰዓትና የእጅ ሰዓት በዓመት ውስጥ አንዴ አንዱ፣ አንዴ ሌላው እየቀደመ እስከ 16 ደቂቃ ይለያያሉ። ሁሉንም ስንደምር ለባሕር ዳር የሚወጣው ውጤት ይህ ነው፦ ፀሐይ ከሁሉ ቀድማ የምትወጣው በግንቦት መጨረሻ ገደማ ሲሆን ሰዓቱ ከጧቱ 12፡05 ይሆናል። ከሁሉ ዘግይታ የምትወጣው በጥር አጋማሽ ሲሆን ሰዓቱ 12፡55 ደርሷል። እኩለ ቀንም እንዲሁ ይንቀሳቀሳል፤ በጥቅምት መጨረሻ ሳምንት 6፡14 ላይ፣ በየካቲት መጀመሪያ ደግሞ 6፡45 ላይ ይውላል።

ልብ በሉ። በባሕር ዳር ፀሐይ በዓመት ውስጥ አንድም ቀን በትክክል 12 ሰዓት ላይ አትወጣም። አንድም ቀን 6 ሰዓት ላይ እኩለ ቀን አይሆንም። የመጀመሪያው አባባል እዚሁ ወደቀ።

እንግዲህ የወደቀው አባባሉ ነው፤ አቆጣጠሩ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ቀንን ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ 12 አድርጎ መቁጠር የጥንት ሮማውያንም ልማድ ነበር። የስዋሂሊ ተናጋሪ ጎረቤቶቻችንም እስከ ዛሬ እንደ እኛው ጧትን ከ1 ሰዓት ይጀምራሉ። በጥንቱ አሠራር የቀኑ ብርሃን፣ ረዘመም አጠረ፣ ለ12 እኩል ይካፈላል፤ ስለዚህ አንድ "ሰዓት" በበጋና በክረምት እኩል አይሆንም። ሮም ላይ ይህ ትልቅ ጣጣ ነበር፤ አንዱ ሰዓት እንደ ወቅቱ ከ46 ደቂቃ እስከ 76 ደቂቃ ይለጠጣል። ባሕር ዳር ላይ ግን ከ57 እስከ 64 ደቂቃ ብቻ ነው። ምድር ወገብ ስለቀረበን የቀኑ ርዝመት ብዙም አይለዋወጥም። ለዚህ አቆጣጠር የሚመች አገር ካለ የእኛው ነው። ስንመካ በዚህ ብንመካ ቁጥሩ ይደግፈናል።

የክብራኑ መጽሐፍ ምን ይላል?

ወደ ሁለተኛው አባባል እንለፍ። ከባሕር ዳር ወደብ በጀልባ ስትነሱ ብዙም ሳትርቁ የምታገኟት ደሴት ክብራን ገብርኤል ናት። ዛሬ ካሉት ጥንታዊ የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎች አንዱ፣ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው፣ የዚህ ገዳም ነው። ኤርነስት ሐመርሽሚት የተባሉ ጀርመናዊ ምሁር የጣናን የብራና መጻሕፍት ሲመዘግቡ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት የመጀመሪያ ቅጽ ውስጥ አካትተውታል። ትውልደ ኢትዮጵያዊው ፕሮፌሰር ኤፍሬም ይስሐቅም እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመውን የእንግሊዝኛ ትርጉማቸውን የሠሩት ይህንኑ ቅጂ መሠረት አድርገው ነው።

መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው። ጄምስ ብሩስ ከጎንደር ቆይታው ሲመለስ ቅጂዎቹን እ.ኤ.አ. በ1773 አውሮፓ እስኪያደርስ ድረስ የአውሮፓ ሊቃውንት ሙሉውን አላዩትም ነበር። ይህ እውነተኛ የሚያኮራ ታሪክ ነው፤ ምንም ማጋነን አያስፈልገውም።

ከምዕራፍ 72 እስከ 82 ያለው ክፍል ስለ ፀሐይ፣ ስለ ጨረቃና ስለ ዓመት ይናገራል። ዓመቱ 364 ቀን ነው። ሌሊትና ቀን በአንድነት 18 ክፍል ይሆናሉ። ቀንና ሌሊት እኩል ሲሆኑ 9 በ9 ናቸው። ከዚያ ቀኑ በየወሩ አንድ ክፍል እየጨመረ 10፣ 11፣ በመጨረሻም 12 ይደርሳል፤ ሌሊቱ በዚያው ልክ 6 ይሆናል። ከዚያ ይመለሳል፤ ቀኑ እስከ 6 ያጥራል፣ ሌሊቱ እስከ 12 ይረዝማል። የረጅሙ ቀን ልክ የአጭሩ ቀን እጥፍ ነው ማለት ነው፤ 2 ለ1።

አሁን እንለካ። 24 ሰዓት ለ18 ሲካፈል አንዱ ክፍል 80 ደቂቃ ነው። የሄኖክ ረጅም ቀን 16 ሰዓት፣ አጭሩ 8 ሰዓት ይሆናል። በባሕር ዳር ረጅሙ ቀን፣ ሰኔ 14 ገደማ፣ 12 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ነው። አጭሩ፣ ታኅሣሥ 12 ገደማ፣ 11 ሰዓት ከ26 ደቂቃ። በሄኖክ ክፍል ስንመነዝረው ረጅሙ 9.6፣ አጭሩ 8.6 ነው። መጽሐፉ ከ6 እስከ 12 ስድስት ክፍል ሲንቀሳቀስ፣ የጣና ሰማይ የሚንቀሳቀሰው አንድ ክፍል ያህል ብቻ ነው። የ16 ሰዓት ቀን ማየት የፈለገ ሰው እስከ ፓሪስ አካባቢ መጓዝ አለበት።

ስለዚህ "አባቶቻችን እዚህ ለክተው የጻፉት ነው" የሚለው አያስኬድም። እዚህ ቢለካ ኖሮ ይህ ቁጥር አይወጣም። ታዲያ ከየት መጣ?

ጣሳ ትበሱ

እዚህ ላይ አንድ ሙከራ ልጋብዛችሁ። ጎኑ ቀጥ ያለ ጣሳ ውሰዱ። ከሌለ ሃይላንድ አንገቱን ቆርጣችሁ ተጠቀሙ። ከታች በመርፌ ብሱት፣ ውሃ ሙሉት፣ ከፍታው ግማሽ የሚሆንበትን ቦታ ምልክት አድርጉ። ከዚያ በስልካችሁ ሰዓት ያዙ።

የላይኛው ግማሽ ቶሎ ይወርዳል፤ የታችኛው ግማሽ ይንቀራፈፋል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ከቀዳዳው በላይ ያለው ውሃ ሲቀንስ ግፊቱ ይቀንሳል። የሚወጣው ውሃ ፍጥነት ከከፍታው ጋር እኩል አይሄድም፤ ከከፍታው ስኩዌር ሩት ጋር ነው የሚሄደው። ስሌቱ የሚሰጠው ይህን ነው፦ ጣሳው ባዶ እስኪሆን ከሚፈጀው ጊዜ የላይኛው ግማሽ 29 በመቶውን፣ የታችኛው ግማሽ 71 በመቶውን ይወስዳል። በሌላ አባባል፣ እጥፍ ውሃ ብትሞሉ እጥፍ ጊዜ አታገኙም፤ የምታገኙት 1.41 እጥፍ ነው።

የጥንት ሰዎች ይህን በእጃቸው ያውቁት ነበር። በግብፅ ካርናክ የተገኘው፣ በ3ኛው አሜንሆቴፕ ዘመን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራው የውሃ ሰዓት ጎኑ ቀጥ ያለ አይደለም፤ ከላይ ሰፋ፣ ከታች ጠበብ ያለ ነው። ከላይ ብዙ ውሃ በፍጥነት፣ ከታች ትንሽ ውሃ በዝግታ ይወጣል፤ ስለዚህ የውሃው ወለል የሚወርድበት ፍጥነት ወደ እኩልነት ይቀርባል።

አሁን ወደ ሄኖክ 2 ለ1 እንመለስ። ይኸው 2 ለ1 በሜሶጶጣሚያ የሸክላ ጽሑፎች ውስጥ፣ በተለይም ሙል አፒን በሚባለው የሥነ ፈለክ ድርሳን ውስጥ ይገኛል። እዚያ ቀኑ የሚለካው በውሃ ሚዛን ነው፤ ለረጅሙ ቀን 4 ምናን፣ ለአጭሩ 2 ምናን ውሃ ይባላል። ባቢሎን ላይ ግን የረጅሙና የአጭሩ ቀን ትክክለኛ ንጽጽር 1.4 ገደማ ነው። ኦቶ ኖይገባወር የተባሉት የጥንት ሒሳብ ታሪክ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1947 ባሳተሙት ጽሑፍ አንድ ሐሳብ አቀረቡ፦ ምናልባት ጸሐፊዎቹ ያሰፈሩት የውሃውን መጠን ነው፤ ጊዜውን አይደለም። እጥፍ ውሃ 1.41 ጊዜ ከሰጠ፣ 2 ለ1 የተባለው ቁጥር ባቢሎን ላይ በደንብ ይገጥማል።

ሐሳቡን ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ሁሉ አልተቀበሉትም፤ 2 ለ1 ለስሌት እንዲመች የተመረጠ ድፍን ቁጥር ነው የሚሉም አሉ። የሄኖክ ቁጥር ከሜሶጶጣሚያ ወገን መሆኑን ግን ብዙዎቹ ይስማሙበታል። በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን የተገኙት የዚህ ክፍል ቁርጥራጮች በአረማይክ የተጻፉ ናቸው፤ ጥንታዊው ከክርስቶስ ልደት በፊት 200 ዓመት አካባቢ የተጻፈ ነው። መንገዱ ይታያችሁ፤ ከኤፍራጥስ ወንዝ ዳር ተነስቶ፣ በአረማይክ አልፎ፣ በግእዝ ጣና ላይ የደረሰ ቁጥር ነው። መነሻው ሲጠፋበት የቆየው እዚህ ነው። ይህ ለእኔ "ሁሉን የለካነው እኛ ነን" ከሚለው በላይ የሚደንቅ ታሪክ ነው።

የሮማው ጥላና የስንክሳሩ 15 ሰዓት

ከሌላ አገር የመጣ ቁጥር ይዞ መኖር የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ የሚነግረን አንድ ታሪክ አለ። ሮማውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ263 ዓመት ከሲሲሊ ደሴት፣ ከካታንያ ከተማ፣ አንድ የፀሐይ ሰዓት ማርከው አምጥተው በአደባባይ አቆሙት። ካታንያ ግን ከሮም 4 ዲግሪ በላይ ወደ ደቡብ ናት። መስመሮቹ የተሰመሩት ለካታንያ ፀሐይ ነበርና ሮም ላይ አልገጠሙም። ሮማውያን ግን ለ99 ዓመት በዚያው ሰዓት ተዳደሩ ይላል።

እኛ ጋ ደግሞ ስንክሳር አለ። ስንክሳር በየወሩ መግቢያ ላይ የቀኑን ርዝመት ይናገራል፤ ጆሮ የሰጠ ሁሉ ሰምቶታል። መስከረም 12 ሰዓት፣ ጥቅምት 11፣ ኅዳር 10፣ ታኅሣሥ 9፤ ከዚያ ተመልሶ መጋቢት 12፣ ሰኔ 15። ስንክሳሩ ከግብፅ፣ ከዐረብኛ የተተረጎመ ነው፤ ቁጥሩም አብሮ መጣ። 15 ሰዓት የሚሞላ ቀን የሚገኘው ግን በግብፅም አይደለም። እስክንድርያ ላይ ረጅሙ ቀን 14 ሰዓት ገደማ ነው። 15 ሰዓት የሚሆነው በሮም ወይም በኢስታንቡል አካባቢ ነው። በባሕር ዳር የሰኔው ቀን ከዚህ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ያንሳል።

ይህን ስል አንድ ጓደኛዬ፣ እሱም መሐንዲስ ነው፣ "በቃ፣ ሁሉም ተረት ነው እኮ!" አለኝ። በዚህም አልስማማም። ይህ ሁለተኛው የተሳሳተ አነባበብ ነው። ካታንያ ላይ የተሠራው ሰዓት ሮም ላይ ስለተሳሳተ ተረት አይሆንም፤ ያለቦታው የቆመ ትክክለኛ መሣሪያ ነው። ሠንጠረዥ ኬክሮስ አለው። የትኛው ሰማይ ሥር እንደተሠራ ሳንጠይቅ ማድነቅም ማጣጣልም ያው አንድ ስንፍና ነው።

ኆኅቶቹ ግን ይሠራሉ

ፍትሐዊ ለመሆን፣ በዚያው ምዕራፍ 72 ውስጥ ጣና ላይ በደንብ የሚሠራ ነገር አለ። ሄኖክ በምሥራቅ ስድስት፣ በምዕራብ ስድስት ኆኅት ወይም በር አለ ይላል። ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በአንድ በር አትወጣም፤ ከበር ወደ በር እየተሻገረች እስከ ዳሩ ትሄድና ትመለሳለች።

ዘጌ ሄዳችሁ ከዳርቻው ወደ ምሥራቅ ሐይቁን አሻግራችሁ ብትመለከቱ ይህን በዓይናችሁ ታያላችሁ። ሰኔ ላይ ፀሐይ ከትክክለኛው ምሥራቅ 24 ዲግሪ ወደ ሰሜን ትወጣለች፤ ታኅሣሥ ላይ 24 ዲግሪ ወደ ደቡብ። አድማሱ ላይ 48 ዲግሪ ስፋት ያለው መንገድ አላት። ማዶ ያለ ዛፍ ወይም ኮረብታ ምልክት አድርጎ ለያዘ ሰው ይህ ትልቅ የቀን መቁጠሪያ ነው፤ ባትሪ አይፈልግም።

አንድ የምህንድስና ማስተካከያ ብቻ ልጨምር። በሮቹ እኩል ስፋት የላቸውም። ከመጋቢቱ እኩሌታ ቀጥሎ ባለው የመጀመሪያ ወር ፀሐይ አድማሱ ላይ 12 ዲግሪ ያህል ትሄዳለች፤ በሁለተኛው 9 ያህል፤ በሦስተኛው ከ3 ብዙም አትበልጥም። ወደ ዳር ስትደርስ ትዘገያለች። ሄኖክ በየወሩ አንድ እኩል ክፍል ይጨምራል፤ ሰማዩ ግን መሐል ላይ እየሮጠ፣ ዳር ላይ እያዘገመ ነው የሚሄደው። ይህን ለማወቅ ዘጌ ላይ አንድ ዓመት መቀመጥ በቂ ነው።

የአያቴ ጫማ

ይህን ሁሉ የጻፍኩት በአንድ ሰው ምክንያት ነው። አያቴ ከባሕር ዳር ወጣ ብላ ባለች መንደር ነበር የኖረችው። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት ትጾማለች። ግድግዳ ላይ ሰዓት ነበራት፤ አባቴ ነው የገዛላት። ለመክፈቻ ግን አታምነውም። ደጅ ትወጣለች፣ ፀሐይን በጀርባዋ አድርጋ ትቆማለች፣ የራሷ ጥላ ጫፍ የት እንደወደቀ ታያለች፣ ከዚያ ተረከዝን ከጣት እያገናኘች በጫማዋ ትሰፍራለች።

አንድ ቀን፣ ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት፣ እረፍት ሄጄ ሳለ ስልኬን አሳየኋት። "እማማ፣ 9 ሰዓት ሞልቷል እኮ፤ ነይ ብዪ።"

ወጥታ ሰፈረች። "አምስት ነው ልጄ። ሰባት አልሞላም።"

"የስልኩ ሰዓት በሳተላይት ነው እኮ የሚሠራው።"

"ሳተላይቱ ይብላ እንግዲያ" አለችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እኔም ስቄ በላሁ። ለጓደኞቼም እንደ ቀልድ ስነግራቸው ከረምኩ።

ዓመታት አልፈው ስሌቱን ሠራሁት። የሰው ቁመት በገዛ እግሩ ሲለካ 6.6 ጫማ ያህል ይሆናል። ረጅም ሰው እግሩም ረጅም ነው፣ አጭር ሰው እግሩም አጭር ነው፤ ስለዚህ መለኪያው ለማንም ሰው ራሱን በራሱ ያስተካክላል። ይህን የመሰለ ንድፍ መሐንዲስ ሁሉ ይቀናበታል። በመጋቢት አጋማሽ ባሕር ዳር ላይ የስልኩ ሰዓት 9 ሲል ጥላው ስንት ጫማ ነው? 5። በፀሐይዋ 9ኛው ሰዓት ሲሞላ፣ ማለትም ከእኩለ ቀን 3 ሰዓት ሲያልፍ፣ ጥላው ስንት ነው? 6.9። ሰባት በሉት። ያን ጊዜ የስልኩ ሰዓት 9፡38 ይላል።

አያቴ ልክ ነበረች። እኔ የወርዴርን ሰዓት ይዤ የጣናን ፀሐይ አስተምራት ነበር። (ጾመኞችን ለማስጨነቅ አይደለም፤ ይህ የጥላ ሒሳብ ነው፣ የቀኖና ጥያቄ አይደለም።)

ሰባቱ ጫማ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ አይሠራም። ስሌቱ እንደሚለው 9ኛው ሰዓት በየካቲት አጋማሽ 8 ጫማ፣ በመጋቢት አጋማሽ 7፣ በሚያዝያ መጀመሪያ 6 ተኩል ነው፤ በታኅሣሥ 10 ይደርሳል። ለነቢያት ጾም አያቴ ሌላ ቁጥር ሳይኖራት አይቀርም። ለፍልሰታም እንዲሁ፤ ደመናው ከፈቀደ። በጭንቅላቷ ውስጥ ለጣና ዳርቻ የተሠራ፣ ኬክሮሱ ትክክል የሆነ ሠንጠረዥ ነበር። እኔ የማስታውሰው ግን "ሰባት" የሚለውን አንዱን ቁጥር ብቻ ነው። ሌሎቹን ሳልጠይቃት አረፈች።

በስልካችን የሚዘዋወረውን ጽሑፍ የምተቸው ለዚህ ነው። ከኤፍራጥስ የመጣን ቁጥር "የእኛ ልኬት" እያልን ስናሞግስ፣ በእውነት የእኛ የሆነው ልኬት ደጃችን ላይ ቆሞ ጥላውን እየሰፈረ ነበር፤ እኛ ግን በስልክ እንከራከረዋለን። የሄኖክን ቁጥሮች ጸሐፊዎቻችን በብራና እየገለበጡ ለዘመናት ጠብቀዋቸዋል። የአያቴን ቁጥሮች ለመጻፍ አንድ ብጣሽ ወረቀት በቂ ነበር።

እስቲ ውጡና ለኩ

ለባሕር ዳር ነዋሪዎች ሁለት ቀጠሮ ልስጥ። ሚያዝያ 12 ገደማና ነሐሴ 16 ገደማ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ቀጥ ያለ እንጨት ደልዳላ መሬት ላይ አቁሙ። ጥላው ይጠፋል፤ ፀሐይዋ በትክክል አናታችሁ ላይ ናት። በእነዚህ ሁለት ቀናት መካከል ባሉት ወራት የእኩለ ቀን ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ በቀሪው ዓመት ወደ ሰሜን። ከአውሮፓ መጽሐፍ የተገለበጠ የፀሐይ ሰዓት እዚህ ቢቆም ግራ የሚጋባውም ለዚሁ ነው፤ የአውሮፓ ጥላ በእኩለ ቀን ወደ ደቡብ ወድቆ አያውቅም። መምህራን፣ ይህ ለ7ኛ ክፍል ተማሪ ከአንድ ምዕራፍ ንባብ ይበልጣል፤ ወጪውም አንድ እንጨት ነው።

ሁለተኛው ልመናዬ አያት ላላችሁ ነው። ጥላ በጫማ የሚሰፍሩ ሰዎች ካሏችሁ ሂዱና ጠይቋቸው። በየትኛው ወር፣ ለየትኛው ሰዓት፣ ስንት ጫማ? የአገሩን ስም ከጎኑ ጻፉ፤ የደብረ ታቦር ጥላና የአርባ ምንጭ ጥላ አንድ አይደለምና። ቁጥሩ ከስሌቱ ጋር ባይገጥምም እንዳለ ጻፉት፤ ለምን እንዳልገጠመ ማወቅ ራሱ ትምህርት ነው።

ስትጠይቋቸው ታዲያ ስልካችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉት።